«ባሌ ላይ ትራውት ዓሣ ለማጥመድ በክረምት ልሂድ ወይ?» ላልከው ወንድማችን

«ነሐሴ ላይ የዓመት ፈቃድ አለኝ፤ ሳኔቲ አምባ ላይ ካሉት ሐይቆች ትራውት ማጥመድ አስቤአለሁ፤ ክረምት ተመራጭ ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ አየሩ እንዴት ነው?» ብለህ ጠይቀሃል። ሳነበው ሳቅና ንዴት አንድ ላይ መጡብኝ። ከሦስት ዓመት በፊት እኔም ይህንኑ ሰምቼ፣ አምኜ፣ ከፍዬ ነበር። ስለ ዘንግና ስለ ክር አልነግርህም፤ እሱን ታውቀዋለህ።

1. «ክረምት» ያለህን ሰው የማንን ክረምት እንደሚያወራ ጠይቀው። የፈረንጅ ክረምት ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት ነው፤ ያ ደግሞ ለእኛ በጋ ነው። እኔ ያነበብኩት የአንድ አስጎብኚ ድርጅት በራሪ ወረቀት «ለዓሣ ማጥመድ ተመራጩ ወቅት ክረምት» ይል ነበር። ከእንግሊዝኛ የገለበጠው ሰው ቃሉን እንጂ ወሩን አላሰበም። እኔም ዕድሜ ልኬን በክረምት ጭቃ ስረግጥ የኖርኩ ሰው፣ ታትሟልና እውነት ነው ብዬ ለመኪናውም ለአስጎብኚውም ቀብድ ከፈልኩ። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዤ ነሐሴ 10 ቀን ባሌ ውስጥ ያለችው ዲንሾ ከተማ ገባሁ።

ዳንካ ወንዝ ወተት እንደበዛበት ሻይ ሆኖ ሲወርድ አገኘሁት። ትራውት በአብዛኛው የሚያድነው በዓይኑ ነው፤ ውኃው ከደፈረሰ ማባበያህ አፍንጫው ሥር ቢያልፍ እንኳ አያየውም። ከቀትር በኋላ ዝናቡ ይጀምራል፤ እሱ አባራ ስትል ጉሙ ይወርድና የራስህን መንጠቆ ማየት ይሳንሃል። በሦስት ቀን ውስጥ ከመንጠቆዎቼ ግማሹን ለድንጋይና ለሥራሥር ገበርኩ። ዓሣ የሚባል ነገር አላየሁም።

ስመለስ በቀጥታ ወደ ድርጅቱ ቢሮ ሄድኩ። ተቀባይዋ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ «ዓሣው አለመብላቱ የእኛ ጥፋት ነው?» አለችኝ። «ክረምት ብላችሁ የጻፋችሁት በጋን ነው» ብዬ ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩ። አየችው፤ ገለበጠችው፤ ከዚያም «እርስዎ አማርኛ አያነቡም?» አትለኝም መሰለህ? ቀብዱ አልተመለሰም። ሥራ አስኪያጁን ለማግኘት አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ አራቱንም ጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው»። ወረቀቱን እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

2. ሐይቆቹን ተዋቸው። ሳኔቲ 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ የቱሉ ዲምቱ ተራራ (4,377 ሜትር) ከፊትህ፣ ጅብራ የሚባለው የደጋ ረጅም ተክል ዙሪያህን፣ ውበቱ ሌላ ነው። ነገር ግን ብዙዎቹ ኩሬዎች ጥልቀት የላቸውም፤ በጋ ሲገፋም ይሸሻሉ። ትራውት ደግሞ እንቁላሉን የሚጥለው ጠጠር ላይ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነው። ቢሆንም ግትር ነኝና በሁለተኛው ጉዞዬ ሁለት ቀን ሙሉ እዚያ ስወረውር ዋልኩ፤ አንድም አልነካኝም። ያተረፍኩት ራስ ምታትና ያልበሰለ ምስር ነው፤ በዚያ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ87 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ምድጃው ላይ ብታሳድረውም ጥሬነቱ አይለቀውም። አንተ ወደ ወንዞቹ፣ ወደ ዳንካና ወደ ዌብ ሂድ። ይህ ዓሣ የአገሩ ተወላጅ አይደለም፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀው በእነዚህ የደጋ ወንዞች ነው። መንጠቆ ከማውረድህ በፊት ግን ዲንሾ የሚገኘውን የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ጽሕፈት ቤት ስለ ፈቃዱ ጠይቅ።

3. ታኅሣሥ ላይ ሂድ፤ ብርዱን ግን አትናቅ። ስልክህ ላይ የምታየው የአየር ትንበያ የሮቤ ከተማ ነው። ሮቤ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው፤ ዲንሾ 3,100። በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል እየቀነስክ አስላው፤ ያም ሆኖ ሌሊቱ ያታልልሃል። እኔ የተታለልኩት በድንኳን ነው። ወንዝ ዳር፣ ለጥ ያለ ሣር፣ የውኃ ድምፅ፤ ከዚህ የተሻለ ማደሪያ የት ይገኛል አልኩና ተከልኩ። በበጋ ሌሊት ደመና የለም፤ መሬቱ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሽቅብ ይለቅና ባዶውን ይቀራል። የቀዘቀዘው አየር ከባድ ስለሆነ ከተራራው እየተንሸራተተ ሸለቆው ውስጥ ይተኛል፤ እኔም እዚያው ከሥሩ ተኝቻለሁ። ሲነጋ የድንኳኑ ዚፕ በበረዶ ተጣብቆ አልከፈት አለኝ። ውጭ የተውኩት ጫማ እርጥበቱ በረዶ ሆኖ እንደ እንጨት ይንኳኳል፤ በጀሪካኑ ያለው ውኃ እንደ መስታወት ያለ በረዶ ለብሷል። ከዳገቱ ሃምሳ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ያደረው አስጎብኚዬ ጋቢውን ተከናንቦ ሻይ ይጠጣል።

እኔ ግን ዓሣ በማለዳ ነው ብዬ ጎህ ሲቀድ ወንዙ ዳር ቆምኩ። ሁለት ጊዜ ወረወርኩ፤ በሦስተኛው የዘንጉ ቀለበቶች በበረዶ ተደፍነው ክሩ አልሄድ አለ። አንድ በፈረስ የሚያልፍ እረኛ ቆም ብሎ ቀለበቶቹን በአፌ እፍ እያልኩ ሳቀልጥ ሲያየኝ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አስጎብኚዬ ተረጎመልኝ፤ «ፀሐይዋ ውኃው ላይ ሳትደርስ ማን ይነሣል? ዓሣውም አልተነሣ» ነው ያለው። ልክ ነበር። የዓሣ ሰውነት ሙቀቱ የውኃው ሙቀት ነው፤ ውኃው ሲበርድ መንቀሳቀሱም መራቡም ይቀንሳል።

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ገደማ ጸሐይዋ ሸለቆውን ሞላችው፤ ከሣሩ ጥቃቅን ነፍሳት ተነሡ። ከአንድ ትልቅ ድንጋይ በስተጀርባ፣ ውኃው ጸጥ ብሎ በሚዞርበት ቦታ፣ ማባበያዬን ቀስ አድርጌ አሳለፍኩት። ክሩ ተወጠረ። ሳወጣው መዳፌን እንደ ብረት አቀዘቀዘው፤ ጀርባው በጥቁር ነጠብጣብ የተረጨ፣ ጎኑ ላይ ከጉንጩ እስከ ጭራው የተዘረጋ ቀላ ያለ መስመር ነበረው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አራት ያዝኩ፤ ከዚያ የተራራው ጥላ ሲመጣ ነገሩ ሁሉ ቆመ። በዚያው ቀን፣ ሌሊት በብርድ ሲንቀጠቀጥ ያደረው አፍንጫዬ በፀሐይ ተልጦ ነበር፤ ሰፊ ባርኔጣ ያዝ።

4. የዓመት ፈቃድህ ወደ ታኅሣሥ እንዲዛወርልህ ዛሬውኑ አመልክት። አለቃህ እምቢ ካለ ዘንጉን እቤት ትተህ የዝናብ ልብስ ይዘህ ሂድ፤ ቀይ ቀበሮውም ጅብራውም ዝናብ ስለጣለ የትም አይሄዱም።