ከዱባይ የተገዛ ኦሪጅናል ዕቃን ጀርመን ውስጥ ስለ መሸጥ

እኅታችን፣ የጠየቁት ከዱባይ በደረሰኝ የገዙትን ኦሪጅናል ስኒከርና ሽቶ ቀረጡን ከፍለው ጀርመን ውስጥ ቢሸጡ የንግድ ምልክቱ ባለቤት ሊከስዎት ይችል እንደሆነ ነው። አዎ፣ ይችላል። ፍራንክፈርት ውስጥ በአስመጪነት ስሠራ እንዳየሁት፣ ብዙ ወገኖቻችን ዕቃው ፎርጂድ እስካልሆነ ድረስ ሕግ የሚነካቸው አይመስላቸውም። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ግን ዕቃው በባለቤቱ ወይም በእርሱ ፈቃድ መጀመሪያ ገበያ ላይ የዋለው የት እንደሆነ ይጠይቃል። በኅብረቱ አገሮች፣ በኖርዌይ፣ በአይስላንድ ወይም በሊክተንስታይን (ከዚህ በታች «ክልሉ» የምለው እነዚህን ነው) ከሆነ ባለቤቱ በመርህ ደረጃ ቀጣዩን ሽያጭ ሊከለክል አይችልም፤ ዱባይ፣ አዲስ አበባ ወይም ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለንደን ከሆነ ግን ይችላል።

ለዚህ ዋናው ፍርድ በ1998 እ.ኤ.አ. የተሰጠው ነው። ሲሉዌት የተባለው የኦስትሪያ መነጽር አምራች ፋሽናቸው ያለፈ 21,000 የመነጽር ፍሬሞችን፣ ያኔ የኅብረቱ አባል ባልነበረችው ቡልጋሪያ ለሚገኝ ኩባንያ ሸጠ። ፍሬሞቹ ዞረው ኦስትሪያ ውስጥ ሃርትላወር በተባለ ነጋዴ እጅ ለሽያጭ ሲቀርቡ አምራቹ ከሰሰ፤ የኅብረቱ ፍርድ ቤትም ዕቃው ከክልሉ ውጭ ስለተሸጠ ብቻ የባለቤቱ የመከልከል መብት ያበቃል የሚል ሕግ አባል አገሮች ሊኖራቸው እንደማይችል ወሰነ። በ2001 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዳቪዶፍ ሽቶና በሊቫይስ ጂንስ ጉዳዮች የባለቤቱ ዝምታ ብቻውን እንደ ፈቃድ እንደማይቆጠር ተፈረደ። ሸማቹን ለውድ ዋጋ የሚዳርግ ሕግ በመሆኑ በግሌ አልደግፈውም፤ እስካልተለወጠ ድረስ ግን የምንዳኘው በእርሱ ነው።

ቀረጥ መክፈልዎም አይጠብቅዎትም። በባለቤቱ ፈቃድ የተመረተን ዕቃ ጉምሩክ ፎርጂድ ዕቃን እንዲይዝ የሚያስችለው የኅብረቱ ደንብ ቁጥር 608/2013 ስለማይመለከተው፣ ጉምሩክ አሳልፎታል ማለት ባለቤቱ ፈቅዷል ማለት አይደለም።

ስለዚህ እዚሁ ካለ ጅምላ ሻጭ ቢገዙ እንኳ፣ የመጀመሪያው ሽያጭ በክልሉ ውስጥ መደረጉን የሚያሳይና የጫማው መለያ ቁጥር የተጻፈበት ኢንቮይስ ይጠይቁ። አንዳንዶቹ የአቅራቢያቸውን ስም በጥቁር ቀለም ሸፍነው ይሰጣሉ፤ ዕቃው ከማን እንደመጣ የማያሳይ ወረቀት ክርክር ሲነሳ እምብዛም አይረዳም፣ የማስረዳቱ ሸክም ደግሞ በመደበኛው ያለው ሻጩ ላይ ነው። ከጠበቃ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከደረሰዎት፣ አብሮ የሚመጣውን፣ ዳግመኛ አልሸጥም ብለው ግዴታ የሚገቡበትን ቅጽ ቀኑ እንዳያልፍ ብለው በችኮላ አይፈርሙ፤ ከፈረሙ በኋላ አንዲት ጥንድ ጫማ ድጋሚ ቢሸጡ የውል መቀጫ ሊያስከፍልዎት ስለሚችል፣ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ በንግድ ምልክት ሕግ ለሠለጠነ ጠበቃ ያሳዩት።