እርቁ በስንተኛው ገጽ ነው?

ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን አንዲት ወጣት ጸሐፊ «ጋሼ፣ ልቦለዴ ውስጥ ያሉት ወንድማማቾች በስንተኛው ገጽ ይታረቁ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሳቅሁ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አርታኢ ሆኜ ስሠራ ይህንኑ ጥያቄ ማንም ሳይጠይቀኝ መልሼው ነበር። ያውም በቀይ እስክሪብቶ።

ደራሲው ዝምተኛ ሰው ነበር። ረቂቁን በጽሕፈት መኪና መትቶ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ አመጣልኝ። ተራራ ላይ ያሉ አባትና ልጅ ታሪክ ነው። በመሬት ተጣልተው 11 ዓመት አልተነጋገሩም። ቤቶቻቸው ፊት ለፊት ናቸው፤ መሀላቸው ሸለቆ። ጠዋት ፀሐይ አባትየው ደጅ ላይ ስትወጣ ልጁ ጋ ገና ጥላ ነው። ማታ ተራው ይገለበጣል። አንዱ የሌላውን ጭስ እያየ «ዛሬም አለ» ይላል። እዚህ ላይ ስደርስ ሰውየው ተራራን እንደሚያውቅ ገባኝ።

ስለ ተራራ ከተነሳ አንድ ነገር ልበል። 3,000 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። ጥራጥሬ ቶሎ አይበስልም። እንግዳ ገብቶ፣ ድስት ተጥዶ፣ ሁለት መስመር ሳይሞላ ሲበላ ካነበብኩ መጽሐፉን እዘጋለሁ። የተኳረፉ ሁለት ሰዎች አንድ እሳት ዳር አስቀምጣችሁ ያ ድስት አልበስል ሲል እኮ ግማሹ ምዕራፍ ተጻፈላችሁ!

ወደ ሰውየው ልመለስ። መጨረሻው ላይ ሌሊት ዝናብ የልጁን የእርሻ ካብ ይንደዋል። ሊነጋጋ ሲል ልጁ የድንጋይ ድምፅ ይሰማል። ሲወጣ አባቱ ጎንበስ ብሎ ይክባል። ልጁ ምንም አይልም። ከወዲያኛው በኩል ዞሮ ድንጋይ ያነሳል። ሦስት ገጽ ሙሉ ድንጋይ ብቻ። ኋላ ላይ አባትየው «ያንን ገልብጠው፤ ፊቱ ወደ ውስጥ ሆኗል» ይላል። ከ11 ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ቃል ይህ ነው። ከዚያ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

እኔ ምን አልኩ? «አንባቢ 300 ገጽ ጠብቆ ድንጋይ ታቀርብለታለህ? ይተቃቀፉ እንጂ! ያልቅሱ!» ሦስቱን ገጾች ነቅዬ አወጣሁ። አባትየው ጥፋቱን አንድ በአንድ እንዲናዘዝ አስደረግሁ። ደራሲው «እሺ» አለ። መጽሐፉ ታተመ፣ ተነበበ፣ ተለቀሰ። እኔም ኮራሁ።

የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ካርል ፒለመር እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ ያደረገው ጥናት አለ። አሜሪካ ውስጥ ከተጠየቁት አዋቂዎች 27 በመቶው ከዘመዳቸው ጋር ተቆራርጠዋል። የታረቁትንም አነጋግሯል። ብዙዎቹ የታረቁት «ያለፈውን እኔ እንዳየሁት እይልኝ» ማለትን ሲተዉ ነው። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ኑዛዜ ሳስጽፍ ኖሬያለሁ።

የዛሬ ልጆች ስትኳረፉ ብሎክ ታደርጋላችሁ። አለቀ። ተራራ ላይ ብሎክ የለም። ምንጩ አንድ፣ የእግር መንገዱም አንድ ነው። ያኮረፋችሁት ሰው ከፊት ሲመጣ አንዳችሁ ወደ ገደሉ አፍ መጠጋት አለባችሁ። ለልቦለድ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል? ለነገሩ እኔም ከእህቴ ጋር 4 ዓመት ተዘጋግተን ነበር። ብሎክ አላደረግኋትም። ስልኳን አላነሳም ነበር እንጂ።

ደራሲውን ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ የመጽሐፍ ምረቃ ላይ አገኘሁት። «ያቺን ሦስት ገጽ አስቀምጠሃታል?» አለኝ። «የትኛዋን?» አልኩ። ገብቶኛል፤ አፍሬ ነው። ቅጂ አልነበረውም። አባቱ አርፈዋል። ያን ካብ የካቡት እሳቸው ነበሩ። እንደገና ሊጽፈው ሞክሮ አልመጣለትም። «ድንጋዩ እየተናደ ያስቸግረኛል» አለኝ። ወረቀቱን እኔ ያኔውኑ ቅርጫት ውስጥ ጥዬዋለሁ። «እፈልግልሃለሁ» አልኩት። መዋሸቴን ያወቀ ይመስለኛል።

ለጀማሪ ሁሉ «የቤታችሁን ገበና አትጻፉ» እላለሁ። አሁንም አምንበታለሁ። ያ ሰው ግን የቤቱን ነበር የጻፈው። በአርታኢነት ዘመኔ ካነበብኩት ሁሉ የሚበልጠውም እሱ ነው። ሁለቱን እናንተ አስታርቁልኝ።

የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15ን ታውቁታላችሁ። የጠፋው ልጅ ሲመለስ እቅፉ ሁላችንም ትዝ ይለናል። ታላቅየው ግን ተቆጥቶ ደጅ ቆሟል። አባቱ ወጥቶ ይለምነዋል። ገባ? አልገባም? ሳይነገረን ያበቃል። እኔ አርታኢው ብሆን ጎትቼ አስገባው ነበር።

በማግስቱ ለልጅቷ ደወልኩ። «ወንድማማቾቹ አንድ ላይ የሚሠሩት ሥራ አለ?» አልኳት። ቆየች። «የእናታቸው ጣሪያ ያፈሳል» አለች። እንግዲያው ጣሪያው ላይ ይውጡ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ገጽ የራሳቸው ጉዳይ ነው አልኳት። ስትጨርስ ልታመጣልኝ ተስማምተናል። ኮፒ አስቀርተሽ ስጪኝ ብያታለሁ።