ፑሽ ሲመለስብሽ ፎርስ አትበዪ

ጥያቄ፦ ኮድ መጻፍ ከጀመርኩ ገና ሦስት ወሬ ነው። ጊትሃብ (ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ላይ ሪፖዚተሪ፣ ማለትም የፕሮጀክቴን ማኅደር፣ ስከፍት ሪድሚ የሚለው የመግለጫ ፋይል አብሮ እንዲፈጠር መርጬ ነበር። ከዚያ ኮምፒውተሬ ላይ የሠራሁትን አድ እና ኮሚት አድርጌ (መርጬ መዝግቤ) ወደዚያ ለመላክ ፑሽ ስለው «ሪጀክትድ» ብሎ መለሰብኝ። ከሥሩም «ፌች ፈርስት» ይላል። ጓደኛዬ «ፎርስ ጨምሪበትና ተገላገይ» አለችኝ። ላድርገው?
ግራ የገባት ጀማሪ

መልስ፦ እህቴ፣ እባክሽ ፎርሱን ተይው፤ እዚያ ያለውን ሳያይ ባንቺ የሚተካ ትእዛዝ ነው። ሥራሽ ምንም አልሆነም። ጊት (ለውጦችሽን የሚመዘግበው ፕሮግራም) የሚልሽ «እዚያ አንቺ ጋ የሌለ ኮሚት አለ፤ መጀመሪያ እሱን አምጪ» ነው። ያ ኮሚት ሪድሚው ነው። ሪፖዚተሪውን ስትከፍቺ ጊትሃብ ራሱ ኮሚት አድርጎታል፤ ኮምፒውተርሽ ግን አያውቀውም።

ስለዚህ ጊት ፑል ብለሽ ሁለት ሰረዝ ሪቤዝ፣ ከዚያ ኦሪጅን ሜይን ጻፊ። ኦሪጅን ጊትሃብ ላይ ያለው ሪፖዚተሪሽ ነው፤ ሜይን ደግሞ የዋናው ብራንች (የሥራ መስመር) ስም። ሪድሚውን ያወርድና ያንቺን ኮሚቶች ከላዩ ይደረድራቸዋል። ቀጥሎ ጊት ፑሽ፣ ሰረዝ ዩ፣ ኦሪጅን ሜይን። ሰረዝ ዩ ለመጀመሪያው ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጊት ፑሽ ካልሽው ወዴት እንደሚልክ ያውቃል። አንቺም ጋ ሌላ ሪድሚ ካለ «ኮንፍሊክት» (ሁለቱ ተጋጩ) ይልሻል። አትደንግጪ። ፋይሉን ክፈቺ፣ የምትፈልጊውን አስቀሪ፣ ጊት የጨመራቸውን የቀስትና የእኩል ይሆናል ምልክቶች አጥፊ። አድ አድርጊና ጊት ሪቤዝ፣ ሁለት ሰረዝ ኮንቲኒው በዪ።

ፑሹ ሜይን የሚባል የለም ካለሽ ደግሞ ጊት ብራንች ብለሽ እዪ። ጊትሃብ ከእ.ኤ.አ. ጥቅምት 2020 ጀምሮ አዲስ ሪፖዚተሪ ሲከፈት ሜይን ይለዋል፤ ኮምፒውተርሽ ላይ ያለው ግን ማስተር ሊሆን ይችላል። ጊት ብራንች፣ ሰረዝ ትልቁ ኤም፣ ሜይን ብለሽ ስሙን ቀይሪው። ፓስወርድ ከጠየቀሽም የአካውንትሽን አትስጪው። ጊትሃብ ከእ.ኤ.አ. ነሐሴ 2021 ወዲህ አይቀበልም፤ የሚፈልገው ቶክን ነው፣ በፓስወርድ ፈንታ ጊትሃብ ላይ የምታወጪው ምስጢራዊ ቁልፍ።

ፎርስን አጥብቄ የምከለክልሽ በደረሰብኝ ነገር ነው። ከአንድ ባልደረባዬ ጋር በአንድ ብራንች እንሠራ ነበር። መሽቷል፣ ደክሞኛል፣ ፑሼ ተመለሰ። መልእክቱን ሳላነብ ፎርስ ጨመርኩበት። አለፈልኝ፣ ተኛሁ። ጠዋት «የሁለት ቀን ሥራዬ የት ገባ?» አለኝ። ሪሞቱ (ጊትሃብ ላይ ያለው ቅጂ) ላይ የነበረው ሁሉ በኔ ተተክቶ ነበር። ደግነቱ ኮሚቶቹ እሱ ኮምፒውተር ላይ ነበሩና መልሶ ላካቸው። እሱም ጋ ባይኖሩ ምን እል እንደነበር አላውቅም።

ያንቺ ላይ የሚጠፋው ሪድሚ ብቻ ነው፣ እውነት ነው። ግን እጅ ይለምዳል። አንድ ቀን የግድ ካስፈለገሽ «ፎርስ ዊዝ ሊዝ» የሚባለውን ተጠቀሚ፤ መጨረሻ ካየሽው በኋላ ሌላ ሰው የጨመረው ካለ ያስቆምሻል።

አሁን ፑሉን ሞክሪው። ፑሹ ሲያልፍ ገጹን አድሺና ሪድሚውና ፋይሎችሽ አብረው መኖራቸውን እዪ። እምቢ ካለሽ ጊት የጻፈልሽን ከላይ እስከ ታች ቀድተሽ ላኪልኝ።