አዲሱ መነጽር ወለሉን ሲያዘነብልብዎ

ከደብረ ሲና አንድ መምህር ጽፈውልኛል። 43 ዓመታቸው ነው። ደብዳቤያቸውን አሳጥሬ ላስቀምጠው፤ ማይነስ ያሉት ሩቅ አጥርቶ ለማያይ ዓይን የሚሰጥ የሌንስ ቁጥር ነው፣ ሲሊንደርና አክሲስ ያሏቸውን ወረድ ብዬ እገልጻለሁ፦

«ለዘጠኝ ዓመት ያደረግሁት መነጽር በሁለቱም ዓይን ማይነስ 1.75 ነበር። ባለፈው ወር ስመረመር ቀኙ ማይነስ 2.25፣ ግራው ማይነስ 2.00፣ ሲሊንደር ማይነስ 1.50፣ አክሲስ 35 ተብሎ ተጻፈልኝ። ፍሬሙንም ሰፋ ያለ መረጥሁ። አድርጌው ስነሳ ወለሉ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ይመስለኛል። ሰሌዳው አንድ ጎኑ ረዝሞ ይታየኛል። ደረጃ ስወርድ እግሬ የት እንደሚያርፍ አላውቅም። የፈተና ወረቀት ሳርም ደግሞ ግንባሬን ይወጥረኛል። የሠሩልኝ ሰዎች ይለመዳል ብለውኛል። በአራተኛው ቀን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ወደ አሮጌው ተመለስሁ። ልታገሠው ወይስ ገንዘቤን በላኝ?»

መምህር፣ መጀመሪያ መነጽሩን ከመሳቢያው ያውጡት። እዚያ ተቀምጦ አይለመድም፤ ስህተት ካለበትም እዚያ ሆኖ አይታወቅም።

ወለሉ ለምን እንደሚያዘነብል ልንገርዎ። የግራ ዓይንዎ አስቲግማቲዝም አለው፣ ማለትም የዓይኑ የፊት ገጽ እንደ ኳስ እኩል ክብ ሳይሆን በአንድ አቅጣጫ ይበልጥ የጎበጠ ነው። ሲሊንደር የሚባለው ሌንስ ይህን ያስተካክላል፤ ግን ሲያስተካክል ምስሉን በአንድ አቅጣጫ በመጠኑ ይለውጠዋል። የእርስዎ አክሲስ፣ ማለትም ሲሊንደሩ የሚቀመጥበት አቅጣጫ በዲግሪ፣ 35 ስለሆነ ለውጡ በአግድም ወይም በቁም ሳይሆን በሰያፍ ነው። ቀኝ ዓይንዎ ደግሞ ሲሊንደር የለውም። አእምሮ ርቀትንና ከፍታን የሚለካው የሁለቱን ዓይኖች ምስል እያስተያየ ነውና አንዱ በሰያፍ የተሳበ፣ ሌላው ያልተነካ ምስል ሲመጣለት ወለሉን ያዘነብለዋል። ሰፊ ፍሬም ይህን ያባብሰዋል፤ በሌንሱ ዳርና ዳር በኩል ብዙ ነገር ስለሚያዩ። አዲስ ሲሊንደር፣ ያውም 1.50፣ ያውም በሰያፍ፣ ያውም በአንድ ዓይን ብቻ! ባይከብድዎት ነበር የሚገርመኝ።

እዚያው ቁጭ ብለው አንድ ነገር ይሞክሩ። መነጽሩን አድርገው ቀኝ ዓይንዎን በመዳፍዎ ይሸፍኑና በሩን ይመልከቱ። ቀጥሎ ግራውን። ማዘንበሉ አንድ ዓይን ሲሸፈን ከጠፋ ወይም በጣም ከቀነሰ ችግሩ የሁለቱ ምስሎች አለመስማማት ነው፤ ይህን አእምሮ ይማረዋል። ግን ግራው ለብቻው ሆኖም ከመንገድ ማዶ ያለውን የሱቅ ጽሑፍ ብዥ ካደረገብዎ ነገሩ ሌላ ነው። በትክክል የተሠራ ሌንስ በመጀመሪያው ቀንም ቢሆን ፊደሉን ያጠራል። ወለሉ ሊዘም ይችላል፣ ፊደሉ ግን ጥርት ማለት አለበት።

«ይለመዳል» የሚለው ቃል ራሱ ችግር የለበትም፤ ሳይለኩ ሲሉት ነው የሚያናድደኝ። እኔም ብዬዋለሁ። መነጽር መሥራት በጀመርሁ ሰሞን ከመንዝ የመጡ አንድ አባት ሦስት ጊዜ ተመላለሱብኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ «አባቴ፣ ይታገሡት» ብዬ ሸኘኋቸው። በአራተኛው መነጽሩን ሌንሶሜትር በሚባለው የሌንስ ቁጥር መለኪያ መሣሪያ ላይ አስቀመጥሁት። አክሲሱ 85 ይላል። ወረቀቱን አውጥቼ ወደ መስኮቱ ብርሃን ጠጋ አድርጌ አየሁት፤ በእጅ የተጻፈው 35 ነበር፣ 3ቷን 8 ብዬ አንብቤያታለሁ። ሲሊንደር ከትክክለኛው አክሲስ 30 ዲግሪ ከሳተ ዓይኑ ላይ የሚቀረው ጉድለት ሲሊንደሩ ጨርሶ ባይኖር ከሚኖረው እኩል ነው። እኔ የሳትሁት በ50 ዲግሪ ነው። ሰውዬው ሲሊንደሩ ጨርሶ ባይኖር ይሻላቸው ነበር። ሌንሱን በነፃ ቀየርሁላቸው፤ ያ ሁሉ መንገድ ግን በምን ይካሳል? ከዚያ ወዲህ ቅሬታ ይዞ የመጣ ሰው መነጽር ሳይለካ አይመለስም።

ስለዚህ ወደ ሠሩልዎ ቤት ይመለሱና «ሌንሶሜትር ላይ አስቀምጡልኝና ቁጥሩን ከማዘዣው ጋር አስተያዩልኝ» ይበሉ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የማንም ጨዋ ባለሙያ ፊት አይጠቁርም።

ሌላው ፒዲ ነው። በላኩልኝ ፎቶ ማዘዣዎ ላይ ፒዲ የሚለው ቦታ ባዶ ነው። ፒዲ ማለት በሁለቱ ዓይኖች ብሌን መካከል ያለው ርቀት ነው፤ የሌንሶቹ መሐል በዚያ ልክ መቀመጥ አለበት። ሐኪሙ ካልጻፈው የሚሠራው ቤት መለካት አለበት። ፊትዎ ላይ ማስመሪያ ወይም መለኪያ መሣሪያ ይዞ የቀረበ ሰው ነበር? ካልነበረ በግምት ሠርተውታል ማለት ነው። ሰፊ ፍሬም ላይ ሲገምቱ ደግሞ መሐሉ ወደ ውጭ ይሸሻል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የሌንሱን ቁጥር በሴንቲ ሜትር በተሳተው ርቀት ማባዛት ነው። የእርስዎ 2.25 በ4 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም በ0.4 ሴንቲ ሜትር፣ ቢስት 0.9 ፕሪዝም ይሆናል (ፕሪዝም ሌንሱ ምስሉን ወደ ጎን የሚገፋበት መጠን ነው)፣ ይህም 1 ሜትር ርቀት ላይ ምስሉን 9 ሚሊ ሜትር ያህል ይገፋዋል። ግራውም በተመሳሳይ ከሳተ ይደመራል። ማይነስ ሌንስ መሐሉ ወደ ውጭ ሲሸሽ ዓይኖች ወደ ጆሮ አቅጣጫ እንዲለያዩ ይገደዳሉ፤ ዓይን ደግሞ ወደ አፍንጫ መሰብሰብ እንጂ ወደ ውጭ መለያየት ብዙም አይችልበትም። ማታ ማታ ከዓይን ጀርባ የሚሰማ የሚጎትት ሕመም ካለ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህን ነው።

ፍሬሙንም ይዩት። መነጽሩን ገልብጠው ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት። አንደኛው ክንድ ከተነሣ ፍሬሙ ተጣሟል፤ ፊትዎ ላይም ሌንሱን በጥቂት ዲግሪ ያዞረዋል፣ አክሲሱም አብሮ ይዞራል። በእጅዎ እንዳያቀኑት። በተለይ የእኛ የጠዋት ብርድ ላይ ፕላስቲክ ፍሬም ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ባለሙያ ጋ በሙቅ አየር ለስልሶ ነው የሚቃናው። የአፍንጫው ማረፊያ ሰፍቶ መነጽሩ ወደ ታች የሚንሸራተት ከሆነም ያስጠብቡት፤ ሌንሱ ከዓይን ሲርቅ ማዛባቱ ይጨምራል።

የፈተና ወረቀቱ ነገር ግን ከሲሊንደሩ ጋር ላይገናኝ ይችላል። በ43 ዓመት የዓይን ውስጥ ሌንስ ቅርብ ለማየት መተጣጠፉን እየቀነሰ ነው። ማይነሱ ሲጨምር ደግሞ ለቅርብ የሚጠየቀው ጉልበት ይጨምራል። ሲያርሙ መነጽሩን አውልቀው ይሞክሩት። ማይነስ 2.25 የሆነ ዓይን ያለ መነጽር እስከ 44 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ጥርት አድርጎ ያያል፤ ወረቀት የሚያዝበት ርቀት ማለት ነው። የግራው በሲሊንደሩ ምክንያት ትንሽ ይደበዝዛል፣ ለእርማት ግን ሊበቃ ይችላል። ግንባርዎ ከተፈታ መልሱን አገኙ፤ ለወደፊቱ ለቅርብም የሚሆን መነጽር እንዲታሰብልዎ ለመርማሪው ይንገሩ።

ቁጥሩም፣ ፒዲውም፣ ፍሬሙም ልክ ከሆነ ያኔ መልመድ ነው። ከእንቅልፍ እንደተነሡ ያድርጉት፣ ፊትዎን ሳይታጠቡ በፊት ቢሆን እንኳ። ቀኑን ሙሉ እሱው ይሁን። ጠዋት አዲሱን፣ ከሰዓት አሮጌውን ማለት አእምሮን በየቀኑ ከዜሮ ማስጀመር ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቤትና ክፍል ውስጥ ይዋሉበት፤ ሞተር ሳይክልም መኪናም አይንዱበት፣ ገደላማ መንገድም ባይሄዱበት ይሻላል። ደረጃ ሲወርዱ በዓይንዎ ብቻ ቁልቁል ሳይሆን አገጭዎን ዝቅ አድርገው በሌንሱ መሐል ይዩ፣ እጅዎም መደገፊያውን ይያዝ። ብዙ ሰው በጥቂት ቀናት ይሻለዋል፣ አንዳንዱ እስከ ሁለት ሳምንት ይወስድበታል። ዋናው ምልክት ይህ ነው፦ መልመድ ከሆነ ዛሬ ከትናንት ትንሽም ብትሆን ይቀላል። በአሥረኛው ቀን እንደ መጀመሪያው ቀን ከሆነ ግን ትዕግሥትዎን አያባክኑ፣ ወደ መረመረዎ ሰው ይመለሱ። እሱ ሲሊንደሩን ለጊዜው ቀንሶ ቀስ በቀስ ሊያሳድገው ይችላል፤ ወይም እንደገና ይለካዎታል። የስኳር ሕመም ካለብዎም ይንገሩት፤ በምርመራው ሰሞን ስኳሩ ከፍ ብሎ ከነበረ የተገኘው ቁጥር ሲወርድ ይቀየራል። ፍሬሙንም በጠበበና ለፊት በቀረበ ቢቀይሩት ወለሉ ብዙ ይቃናል፤ የሰፊው ፋሽን ይቅርብዎ።

ሌንሱንም በጋቢ ጫፍ ደረቁን አይጥረጉት። ብዙ ሰው ሲያደርገው አያለሁ፤ አቧራውና የጠመኔው ብናኝ ነው የሚፍቀው። ውኃና ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና፣ ከዚያ ንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ።

አንድ ነገር ብቻ ቀጠሮ አይጠብቅም። ድንገት የብርሃን ብልጭታ፣ እንደ ጥቀርሻ የሚንሳፈፉ ብዙ ነጠብጣቦች፣ እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ፣ ወይም ድንገት ሁለት ሆኖ መታየት ከመጣ ያ የመነጽር ጉዳይ አይደለም። በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።

ሠሩልዎ ቤት ሲሄዱ ማዘዣውን ብቻ ሳይሆን አሮጌውን መነጽርም ይያዙ። ዘጠኝ ዓመት የተመቸዎትን እሱንም ሌንሶሜትር ላይ አስቀምጠው የሌንሶቹን መሐል ርቀት ካነበቡ አዲሱ በስንት ሚሊ ሜትር እንደሳተ እዚያው ይታያል። ያገኙትን ቁጥር ይላኩልኝ፣ አብረን እናየዋለን።