ቁልፉን ለጥበቃው ሰጥቼ ወጣሁ

ጥያቄ፦ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራይቼ ሦስት ዓመት ኖርኩ። የለቀቅሁ ዕለት አከራዬ ክፍለ ሀገር ስለነበሩ ሁለት ቁልፍ ለጥበቃው ሰጥቼ ወጣሁ። በ12ኛው ቀን ደውለው «ቁልፍ ስላልተረከብኩ ቤቱ አንቺ እጅ ነው ያለው» አሉኝ። ካስያዝኩት 14,000 ብር ላይ የግማሽ ወር ኪራይ 7,000፣ ለቀለም 4,500፣ ለበር ቁልፍ መቀየሪያ 1,200 ቆርጠው 1,300 ብር ብቻ ሊመልሱልኝ ነው። ምን ላድርግ?
ተከራይዋ፣ ከጀሞ

መልስ፦ እህቴ፣ እኔ 17 ዓመት ቤት ለቤት ስንከራተት ኖሬ ዛሬ አንዲት ሰርቪስ ቤት አከራያለሁ። የሁለታችሁንም ተንኮል አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ ስልክሽን ክፈቺ። ለጥበቃው ልትሰጪ መሆኑን ለሰውዬው ነግረሻቸዋል? በቴሌግራም «ቁልፉን ጥበቃው ጋ አስቀምጫለሁ» ብለሽ ጽፈሽ እሳቸውም «እሺ» ካሉ፣ የኪራዩ ነገር እዚያው አለቀ። ሳትነግሪያቸው ትተሽ ከሆነ ግን ጥበቃው የእሳቸው ወኪል አይደለም፤ የሕንፃው ጥበቃ ነው። ያም ሆኖ ምስክርሽ እሱ ነውና ቁልፉን መቼ እንደተቀበለና ለማን እንደሰጠ ዛሬውኑ ጠይቂው። (12 ቀን ግማሽ ወር የሚሆነው በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ደግሞ እሳቸውን ጠይቂልኝ። ቢበዛ 5,600 ብር ነው።)

ቀለሙን አትክፈዪ። ባለፈው ዓመት እኔም ከአንዲት ተከራዬ የቀለም ልቆርጥ አስቤ ነበር። ቀለም ቀቢው ግድግዳውን በመዳፉ አበስ አድርጎ ነጭ ዱቄት አሳየኝና «እትዬ፣ ይሄ እኮ ፀሐይ የበላው ነው፤ ልጅቷ ምን አደረገች?» አለኝ። አፈርኩ። ሦስት ዓመት የተኖረበት ግድግዳ ይደበዝዛል፤ ኪራይ የሚከፈለውም ለዚሁ ነው። ልጅ በእስክሪብቶ ሞነጫጭሮት ወይም ሚስማር ስትመቺ ልስኑን አፍርሰሽው ከሆነ ግን የአንቺ ዕዳ ነው፤ እሱን ለኔ ሳይሆን ለራስሽ መልሺ።

የበሩ ቁልፍ ላይ ትንሽ ጠረጠርኩሽ። ሁለት መለስኩ ብለሻል፤ ስንት እንደተረከብሽ ግን አልጻፍሽም። ሦስት ተቀብለሽ አንዱ ከጠፋ፣ ሰውዬው ለሚቀጥለው ተከራይ ሲሉ መቀየራቸው ተገቢ ነው፤ 1,200ው የአንቺ ነው። የተረከብሽው ሁለት ብቻ ከነበረ ግን አምስት ሳንቲም አትክፈዪ።

ውላችሁንም አውጥተሽ አንብቢው። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት። ስለ ዲፖዚት የተጻፈ ነገር ካለ መከራከሪያሽ እሱ ነው፤ ከተመዘገበም ኮፒውን ይዘሽ ወዳስመዘገባችሁበት ጽሕፈት ቤት ሂጂ። ከዚያ በፊት ግን የጋራ ሕንፃ ማኅበሩን ሰብሳቢ ይዘሽ ቤቱ ውስጥ ቆማችሁ ተነጋገሩ። ሰው ግድግዳውን እያየ በስልክ እንደሚዋሸው አይዋሽም።

የመብራቱ ቆጣሪ ባለ ካርድ ከሆነ ሂሳቡ እዚያው ያልቃል። የውሃ ሂሳብ ግን የሚመጣው ከወጣሽ በኋላ ነው፤ የመጨረሻውን ወር ሳይጠይቁሽ ክፈዪና ደረሰኙን ፎቶ አንስተሽ ላኪላቸው። ስለ 14,000ው የምትከራከሪው ከዚያ በኋላ ይሁን።