የትራክተር ሃይድሮሊክና ካምቢዮ ዘይት፦ ጥያቄና መልስ

በትንንሽ ትራክተሮች ላይ ብዙውን ጊዜ ካምቢዮው፣ ዲፈረንሻሉና ሃይድሮሊኩ አንድ ዘይት ይጋራሉ። አንዳንዶቹ ላይ ፍሬኑም እዚያው ዘይት ውስጥ ነው። ስለዚህ ዘይት የመጡት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። የትራክተራችሁን ሞዴል ጻፉ፤ «ማሲ ነው» ብቻ ማለት አይበቃም፤ የማሲ ፈርጉሰን 135 እና 385 ሞዴሎች ፍሬናቸው አንድ አይደለም።

ጥያቄ፦ ማሲ 240 አለኝ። አንዱ ዘይት ሻጭ «ሃይድሮሊክ 68 ውሰድ» ይላል፣ ሌላው «90 የካምቢዮ ነው የሚሆነው» ይላል። የቱን ልስማ?

ሁለቱንም አይስሙ። የሃይድሮሊኩ ፖምፓ የተቀመጠው ከኋላው አካል ውስጥ፣ ማርሹና ዲፈረንሻሉ በሚነከሩበት ዘይት ውስጥ ነው። ሃይድሮሊክ 68 ለፖምፓው ይስማማል፤ ነገር ግን የማርሽ ጥርሶች በጭነት ሲጫጫኑ ከመላላጥ የሚያድን ቅመም የለውም። 90 ደግሞ ጥርሱን ይጠብቃል፣ ግን ወፍራም ስለሆነ ጠዋት ሲቀዘቅዝ ፖምፓው ለመሳብ ይቸገራል፣ ማንሻውም ይዘገያል።

የሚፈልጉት ዩቲቲኦ የሚባለውን፣ ለካምቢዮም ለሃይድሮሊክም ዘይት ውስጥ ላለ ፍሬንም በአንድነት የሚሆነውን የትራክተር ዘይት ነው። ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ፦ ማሲ ፈርጉሰን ኤም 1135፣ ወይም ከዚያ በኋላ የመጡት 1141፣ 1143 ወይም 1145 መጻፍ አለባቸው። አብዛኛውን ጊዜ ጎን ለጎን የጆን ዲር ደረጃ የሆነው ጄ20ሲ እና የማርሽ ዘይት ደረጃ የሆነው ጂኤል-4 ይገኛሉ። ሞቢልፍሉይድ 424፣ ሼል ስፓይራክስ ኤስ4 ቲኤክስኤም፣ ቶታል ዳይናትራንስ ኤምፒቪ ከዚህ ወገን ናቸው።

ጥያቄ፦ እንግዲያው ስፓይራክስ 80ደብሊው-90 የሞላሁት ልክ ነው ማለት ነው?

አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስፓይራክስ የቤተሰብ ስም ነው። ኤስ4 ቲኤክስኤም የትራክተር ዩቲቲኦ ሲሆን ኤስ2 ኤ 80ደብሊው-90 ግን የመኪና ዲፈረንሻል ዘይት፣ ጂኤል-5 ነው። ጂኤል-5 ውስጥ ያለው የሰልፈርና ፎስፈረስ ቅመም ሙቀት ሲያገኝ ነሐስና ናስ ይበላል፤ በፖምፓውና በካምቢዮው ውስጥ ደግሞ ከነሐስ የተሠሩ ቡሽና ሮንዴላዎች አሉ። ፍሬንዎ ዘይት ውስጥ የተነከረ ከሆነም መያዙን ያበላሻል። ለጥቂት ሰዓት ሠርቶበት ከሆነ ጉዳት የለውም፤ አሁኑኑ አፍስሱት።

ጥያቄ፦ ድሮ እኮ የሞተር ዘይት ነበር የሚሞላው። 40 ብንሞላ ምን ይሆናል?

በድሮዎቹ ላይ ለሞተርም ለካምቢዮም የሚሆን ባለብዙ አገልግሎት ዘይት ይፈቀድ ነበር፤ ዛሬ ኤስቲኦዩ የሚባለው እሱን የሚመስል ነው። ፍሬኑ ደረቅ ለሆነው 135 ኤስቲኦዩ ብትሞሉ አልከራከርም። ተራ 40 ግን ሌላ ነገር ነው። የማርሽ ጫና የሚሸከም ቅመሙ አነስተኛ ነው፤ አጣቢ ቅመሙ ደግሞ ጥቀርሻን እንደሚይዝ ሁሉ ውኃንም ከዘይቱ ጋር አቀላቅሎ ይይዛል። ውኃው ወደ ታች ዘቅጦ በማፍሰሻው ታፖ መውጣት ሲገባው በዘይቱ ውስጥ ይዞራል።

ጥያቄ፦ የኔ ቤላሩስ ኤምቲዜድ 82 ነው። ይኸው ይሠራል?

ቤላሩስ ሕጉ የተለየ ነው። ሃይድሮሊኩ የራሱ ታንከር አለው፣ ካምቢዮውና የኋላ ድልድዩ ለብቻቸው ናቸው። ፋብሪካው ለሃይድሮሊኩ የሞተር ዘይት፣ ለካምቢዮው የማርሽ ዘይት ነው ያዘዘው። ስለዚህ ከላይ ያልኩት የሞተር ዘይት ክርክር እሱን አይመለከተውም። ማኑዋሉን ተከተሉ።

ጥያቄ፦ ባሌ ደጋ ላይ ነው የምንሠራው፤ ወንድሜ ሁመራ ነው። አንድ ዓይነት ዘይት እንግዛ?

አዎ፣ 10ደብሊው-30 ደረጃ ያለው ዩቲቲኦ ለሁለታችሁም ይሆናል። የደጋው ጠዋት ማንሻውን ሊያዘገየው ይችላል፤ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ሞተሩን በቀስታ አሙቁት፣ የኋላ ማንሻ ክንዱንም ያለ ጭነት ጥቂት ጊዜ አንሡና አውርዱ። የጆን ዲር ጄ20ዲ የሚል ዘይት ካያችሁ ለቀዝቃዛ አገር የተዘጋጀ ቀጭኑ ነው፤ ሁመራ ላይ በሚያዝያ ሙቀት አልመክረውም።

ስለ ቁጥሩ አንድ ነገር፦ የማርሽ ዘይትና የሞተር ዘይት የሚለኩት በተለያየ ሚዛን ነው። የማርሽ 80 ሲሞቅ ውፍረቱ ከሞተር 20 እና 30 ጋር የተቀራረበ ነው። «80 ከ30 ይበልጣል፣ ስለዚህ ይወፍራል» የሚል ሰው ዘይት ሲመርጥላችሁ ተጠንቀቁ።

ጥያቄ፦ ፎገራ ነን፣ ሩዝ ማሳ ውስጥ ነው የሚውለው። የዘይት መለኪያውን ሳወጣ ዘይቱ ወተት የገባበት ሻይ መስሏል። ምን ላድርግ?

ውኃ ገብቷል። ከመለወጥዎ በፊት በየት እንደገባ ይፈልጉ፤ አለበለዚያ አዲሱም ዘይት በወሩ ይነጣል። በቅደም ተከተል የሚታዩት እነዚህ ናቸው፦ የማርሽ ዘንጉ ሥር ያለው ላስቲክ ተቀዷል ወይ? መተንፈሻው ክዳኑ አለ ወይ? የፒቲኦው (ከኋላ መሣሪያ የሚያሽከረክረው ዘንግ) ኦይል ሲል ያልባል ወይ? የኋላ ጎማ አክስል ኦይል ሲሎችስ? የሞቀ ትራክተር ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በቀዳዳው ሁሉ ውኃ ወደ ውስጥ ይሳባል። ስለዚህ ከሥራ ወጥቶ ወዲያው ወንዝ ውስጥ አስገብቶ ማጠብ መጥፎ ልማድ ነው። በኃይለኛ ውኃ ማርሽ ዘንጉ ሥር መርጨትም እንዲሁ።

ዘይቱ በትንሹ ብቻ የደበዘዘ ከሆነና ውኃ መሆኑን ከተጠራጠሩ ንጹሕ ብረት ምድጃ ላይ አግለው አንድ ጠብታ ይጣሉበት። ቢጭስ ብቻ ውኃ የለበትም፤ ቢንጫጫና ቢፈነጥቅ አለበት። ዓይንዎን ይጠብቁ።

ትራክተሩ ሌሊቱን ቆሞ ካደረ ጠዋት ታፖውን በቀስታ ላላ አድርገው የዘቀጠውን ውኃ ማውጣት ይቻላል። ይህ ግን ዘይቱን አያድነውም። የነጣ ዘይት ኩሽኔታ ያዝጋል፣ ፍሬኑ ዘይት ውስጥ በሆነ ትራክተር ላይ የፍሬን ዲስኩን ሽፋን ከብረቱ ያላቅቃል። ሙሉውን ይለውጡ፤ አዲሱ ከጥቂት ሰዓት ሥራ በኋላ ደግሞ ከደበዘዘ ያንንም ይድገሙ።

ጥያቄ፦ በናፍጣ አጥቤ ብሞላውስ?

አይሆንም። ናፍጣው በሙሉ አይወጣም፤ በየጥጉ የቀረው አዲሱን ዘይት ያቀጥነዋል። ማጠብ ከፈለጉ ርካሽ ቢሆንም ትክክለኛ ዩቲቲኦ ይግዙ፣ ጥቂት ደቂቃ ያለ ጭነት ያንቀሳቅሱትና አፍስሱት። ናፍጣ የሚፈቀደው ወጥቶ ለሚታጠብ ወንፊት ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ 135 ስንት ሊትር ይይዛል? አለዋወጡንም በዝርዝር ብትነግሩን።

ካምቢዮው፣ የኋላ አካሉና ሃይድሮሊኩ በአንድነት ወደ 30 ሊትር ነው። 20 ሊትር ጀሪካን አንድ ብቻ ገዝቶ የሚጀምር ሰው ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል።

ትራክተሩን ለግማሽ ሰዓት ያህል አሠርታችሁ አሙቁት፤ ትኩስ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል። ሜዳ ላይ አቁሙት፣ የኋላ ክንዱን እስከ ታች አውርዱ፤ ክንዱ ከፍ ካለ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው አሮጌ ዘይት እዚያው ይቀራል። የማፍሰሻው ታፖ ከአንድ በላይ ነው፤ የካምቢዮውንም የኋላ አካሉንም ፍቱ። አንዱን ብቻ የፈታ ሰው አዲስ ዘይት በአሮጌ ላይ ይጨምራል፣ ከዚያም ልኩ ሲበዛበት ይገረማል። የፖምፓውን መሳቢያ ወንፊት አውጥታችሁ እጠቡ፣ በደንብ አድርቁት። በጨርቅ አትወልውሉት፤ ክሩ ተመልሶ ወንፊቱን ይዘጋል። የታፖውን ሮንዴላ ለውጡ።

ስትሞሉ በመጀመሪያ 25 ሊትር ያህል አስገቡ፤ ዘይቱ ከካምቢዮው ወደ ኋላ ለመድረስ ጊዜ ይፈልጋል። ሞተሩን አስነሥታችሁ ክንዱን ደጋግማችሁ አንሡና አውርዱ፣ ተጎታች ካለም ሲሊንደሩን ሙሉ። ከዚያ አጥፍታችሁ፣ ክንዱን አውርዳችሁ፣ ቆም ብላችሁ ለኩ፤ እስከ ላይኛው ምልክት ጨምሩ። ከምልክቱ አታሳልፉ። 135 ላይ የበዛ ዘይት በአክስሉ በኩል ወጥቶ ደረቁን የፍሬን ጫማ ያርሰዋል፤ ከዚያ በኋላ የፍሬን ሥራ ነው የሚጠብቃችሁ።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ትንሽ እርሻ አለን፤ ኩቦታ ባለ ሃይድሮስታቲክ ነው። ሱቁ ውስጥ «303» የሚል ባልዲ በጣም ርካሽ አየሁ። ልግዛ?

እህቴ፣ ተዪው። 303 የጆን ዲር የጥንት ደረጃ ነው፤ ያኔ ዘይቱ የሚሠራው ከዓሣ ነባሪ ስብ ጋር ነበር፣ ደረጃውም ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ተትቷል። ዛሬ በዚያ ስም የሚሸጠውን የሚቆጣጠር ደረጃ የለም፤ ባልዲው ውስጥ ያገለገለ ዘይት ተደባልቆ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ጉዳይ አሜሪካ ውስጥ በፍርድ ቤት ተከራክረውበታል። ሃይድሮስታቲክ ካምቢዮ ኃይሉን በዘይት ግፊት የሚያስተላልፍ ነው፤ ፖምፓውና የዘይት ሞተሩ እጅግ በጠበበ ክፍተት የሚሠሩ ናቸው፤ በቆሸሸ ዘይት መጀመሪያ የሚያልቁት እነሱ ናቸው። የኩቦታን የራሱን ዘይት፣ ሱፐር ዩዲቲ2 ግዢ፤ ውድ ነው፣ ግን ካምቢዮው ከእሱ ይወደዳል። አዲስ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ 50 ሰዓታት ፊልትሮውን መለወጥ እንዳትረሺ። ለፊተኛው አክስል ኩቦታ ዩዲቲውን ወይም 80–90 የማርሽ ዘይት ይፈቅዳል፤ እዚያ ላይ መቆጠብ ይቻላል።

ጥያቄ፦ 385 ላይ ዘይት ከለወጥኩ ወዲህ ፍሬን ስረግጥ ይንቀጠቀጣል፣ ያጉረመርማል።

የ385 ፍሬን ዘይት ውስጥ ያለ ዲስክ ነው። ዲስኩ ሲይዝ እንዳይዘልል የሚያደርግ ልዩ ቅመም በዘይቱ ውስጥ ያስፈልጋል፤ የሞሉት ዘይት ያ የለውም። የፍሬን ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ዘይቱን ብቻ ለውጠው ይሞክሩ፤ ብዙውን ጊዜ ዲስኩ ደህና ነው።

ጥያቄ፦ ፖምፓው ያፏጫል፣ ዘይቱም አረፋ ይሠራል።

መጀመሪያ ልኩን ይዩ። ልኩ ካልጎደለ ወንፊቱ ተዘግቷል፣ ወይም በመሳቢያው በኩል አየር ይገባል። ተዳፋት ላይ ብቻ የሚያፏጭ ከሆነ ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ስለሚሸሽ ነው። በግፊቱ በኩል መንጠባጠብ ከጠረጠሩ ቱቦውን በእጅ አይዳስሱ፤ በቀጭኑ የሚፈናጠር ዘይት ቆዳ ይበሳል። ካርቶን ያስጠጉበት።

ጥያቄ፦ ሌላ ማርካ ዘይት አንድ ሊትር ብጨምርበትስ?

ጀርባው ላይ አንድ ዓይነት ደረጃ ከጻፈ ለመሙላት ያህል ችግር የለውም። በሃይድሮስታቲክ ላይ ግን አንዱን ማርካ ያዙ፤ ኩቦታም መቀላቀልን አይደግፍም።

ጥያቄ፦ ታፖው ላይ ያለው ማግኔት ብረት ይዞ ወጣ። ልደንግጥ?

ግራጫ ለስላሳ ጭቃ ከሆነ የተለመደ መላላጥ ነው፤ ጠርገው ይመልሱት። በጣት ሲዳስሱት የሚወጋ ስባሪ ካለ የማርሽ ጥርስ ወይም ኩሽኔታ ነው፣ ሳይከፈት አይሠራበት። ማግኔት የማይይዘው ወርቃማ ብናኝ ዘይቱ ውስጥ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ነሐስ ነው፤ ከዚያ በፊት ምን ዘይት እንደሞላበት ይጠይቁ፣ ቀጥሎ ፖምፓውን ያስፈትሹ።