«አፍጥጦ መዋል ሥራ ነው ወይ?»

ጥያቄ፦ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ የኮምፒውተር ፕሮግራም በሚሠራ ድርጅት ተቀጥሯል። የሚሠራው ከቤት ነው። ደመወዙ በወሩ ይገባለታል፤ እሱን አልክድም። ግን አብዛኛውን ሰዓት ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ኪቦርዱን እንኳ አይነካም። ሌሊትም አይተኛም። ምን እየሠራ ነው ልበል?
አንዲት እናት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እናቴ፣ ወላጅ እናቴም ይህንኑ ትጠይቀኝ ነበር። በዚህ ሥራ 11 ዓመት ቆይቻለሁ፤ ልጅዎ ዝም ብሎ ሲያፈጥ ምናልባት እያነበበ ነው። የእኛ ሥራ ከመጻፍ ይልቅ ማንበብ ይበዛዋል። ሌላ ሰው የጻፈውን ኮድ፣ ማለትም ለኮምፒውተሩ በጽሑፍ የሚሰጠውን ትእዛዝ፣ እናነባለን፤ ራሳችን ከስድስት ወር በፊት ጽፈን የረሳነውንም እናነባለን።

የራሴን ልንገርዎት። የምሠራው ለጤና ተቋማት ካርድ ክፍል የሚሆን ሶፍትዌር ነው። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ጠዋት ከአንድ ካርድ ክፍል ተደወለልኝ። «የዛሬን ቀን አልቀበል አለኝ» አለችኝ ሠራተኛዋ። ሌሊት የተወለደች ሕፃን ነበረች፤ የልደቷ ቀን ግን በእኔ ፕሮግራም ውስጥ የለም። ጳጉሜን ሁልጊዜ 5 ቀን እንደሆነች አድርጌ ጽፌ ነበር። ሠራተኛዋ ምክንያቱን ከእኔ ቀድማ ነገረችኝ፦ «ዘመኑ እኮ ሉቃስ ነው።» ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ጳጉሜን 6 እንደምትሆን እርስዎም ያውቃሉ። ያስተካከልኩት ጥቂት መስመር ነው። እሱን ለማስተካከል ግን ሦስት ሰዓት ሙሉ እጄን ሳላንቀሳቅስ አነበብኩ፤ ያው ስህተት ቀጠሮው ላይ፣ የዕድሜ ስሌቱ ላይ፣ የወር ሪፖርቱ ላይ ተበትኖ ነበርና። ሕፃኗ በትክክለኛ ቀኗ ተመዘገበች። አራስ እናቷ እስከ ቀትር መጠበቋ ግን ዛሬም ይቆረቁረኛል።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ኮድ ከመክፈቴ በፊት፣ ከካርድ ክፍሎች የመጣውን ቅሬታ በሰዎቹ አነጋገር፣ ሳላርመው፣ በስኩዌር ደብተር እጽፋለሁ። አንድ ቀን «ፀሐይ ጠፋችብኝ» የሚል መጣ። ታካሚዋ ቀደም ሲል «ጸሀይ» ተብላ ተመዝግባ ኖሯል። ለጆሯችን አንድ ነው። ለኮምፒውተር ግን ፀ እና ጸ፣ ሐ እና ሀ የየራሳቸው ቁጥር ያላቸው ፊደላት ናቸው፤ ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በሚባለው የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ ውስጥ ሲገባ እንዲያ ነው የተመዘገበው፤ ደግሞም ትክክል ነው። ስለዚህ ፍለጋው ሁለቱን እንደ አንድ እንዲያይ አደረግሁ። ስሙን ራሱን ግን አልነካሁም፤ ባለቤቱ እንደጻፈው ይቀመጣል። በዚህ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ብዙ ተከራክሬያለሁ፤ አሁንም አልለቅም።

ስለ ሌሊቱ ልጅዎን ይጠይቁት። የሚሠራው ካሊፎርኒያ ላለ ድርጅት ከሆነ፣ እዚያ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን እኛ ጋ ከምሽቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ነው፤ ስብሰባው ሊያመሽ ይችላል። ካልሆነ ግን ሥራው እንቅልፍ አይከለክልም። እኔ ማታ 3 ሰዓት ላይ ላፕቶፔን እዘጋለሁ፤ ደክሞኝ የጻፍኩትን ኮድ ጠዋት ሳፈርስ ነው የምውለው። ከመዝጋቴ በፊት የቀኑን ሥራ፣ ለምን እንደቀየርኩት በአንድ መስመር ጽፌ፣ ጊት በሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ከላፕቶፔ ውጭ ወዳለ ቦታ እልካለሁ፤ መብራት ቢጠፋ እንኳ ሥራው አይጠፋም። ከዚያ ስንደዶና አክርማዬን አወጣለሁ። ስፌት ያስተማረችኝ አያቴ ናት፤ የምሰፋውም በእሷ ወስፌ ነው። ዓይኔ የሚያርፈው ያኔ ነው።

እንግዲህ ሲያፈጥ አይጥሩት፤ የያዘው ሐሳብ ከተበተነበት መልሶ ለመሰብሰብ ብዙ ይቸገራል። ቡና ሲፈላ ግን ይጥሩት፣ እስከ በረካ ያስቀምጡት። «ዛሬ የቱ ጋ ተያዝክ?» ይበሉት፤ ሁሉም ባይገባዎትም ያስረዳዎት። እኔ ስንት ስህተቴ የታየኝ ለእናቴ ሳስረዳ ነው። የሚሠራው ፕሮግራም ቀን የሚቆጥር ከሆነም ጳጉሜንን ይጠይቁልኝ። 2019 ዓ.ም. ሉቃስ ነው።